ለሞዴል ታንክ የሚሆን የሬዲዮ አስተላላፊ፤ አመራረጡና አሰነዳዱ

አንድ ትንሽ ታንክ ሽቦ ሳይታሰርበት፣ ሰው ሳይገፋው፣ ከሜዳው ማዶ ሲዞርና ዳገት ሲወጣ ያየ ተማሪ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማነው የሚነዳው?» ይላል። ይህ ጥያቄ ለሳይንስ መምህር ትልቅ ሲሳይ ነው። መልሱን የሚያውቅ መምህር ሞገድን፣ ኤሌክትሪክን፣ ሞተርንና ሒሳብን በአንድ ዕቃ ላይ ያስተምራል። መልሱን የማያውቅ መምህር ግን «እንዲያው ሪሞት ነው» ብሎ ያልፋል። ዕቃው አንድ ቀን እምቢ ሲል ደግሞ «ተበላሽቷል» ብሎ መጋዘን ይከተዋል። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ ከለበሱት የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ስንቶቹ በእርግጥ የተበላሹ ናቸው? ስንቶቹስ የሚያውቃቸው አጥተው የተቀመጡ ናቸው? እኛ እንደምንገምተው ሁለተኛዎቹ ጥቂት አይደሉም።

ነገ ከዚህ ወጥተን ወደ ፋርታ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ላይ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ እብናት ስንመደብ የምናገኘው ትምህርት ቤት ምናልባት በዓመት አንድ ዕቃ መግዛት ቢችል ነው። ያ አንድ ዕቃ በስሕተት ከተመረጠ የዓመቱ ዕድል አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለሞዴል ታንክ የሚሆን የሬዲዮ አስተላላፊ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከተመረጠም በኋላ እንዴት እንደሚሰናዳ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

1. ለምን ታንክ?

«መኪና አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። መኪና የፊት ጎማውን አዙሮ ይታጠፋል። ታንክ ግን የሚታጠፍ ጎማ የለውም። ግራውና ቀኙ ሰንሰለት ለየብቻቸው በሞተር ይነዳሉ። ሁለቱ እኩል ሲሄዱ ቀጥ ይላል፤ አንዱ ሲፈጥንና አንዱ ሲዘገይ ይታጠፋል፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ባለበት ይሽከረከራል። መታጠፍ እዚህ ላይ የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው። ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ምክንያት አገራችን ናት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጭንጫና በክረምት የሚዋጥ ጥቁር አፈር ነው። እዚህ አገር ላይ ከባድ ነገር ማንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ ታሪካችን ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለ እጆችና በአገር ልጆች ያስፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። መንገዱ እየተጠረገ፣ ዐለቱ እየተፈለጠ፣ ሰው በገመድ እየሳበው ነው የተጓዘው። ሠልጣኝ የሆንን ሰዎች በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ ጎታች ሠርተን የሴባስቶፖልን አምሳያ ከኋላው ብናስር፣ ተማሪው ታሪክንና ፊዚክስን በአንድ ገመድ ታስረው ያያቸዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ታንክ ራሱ በታሪካችን ያለው ቦታ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ሲ-ቪ-33 የተባሉ ትንንሽ ታንኮች ገጥሞ ድል አድርጓቸዋል። እነዚህ ታንኮች ክብደታቸው 3 ቶን ከምናምን ነበር። ዟሪ ማማ አልነበራቸውም፤ መትረየሳቸው ፊት ለፊት የተተከለ በመሆኑ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መተኮስ አይችሉም ነበር። ጀግኖቹ በጎንና በኋላ ተጠግተው ያዟቸው። «ማማው ለምን ይዞራል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልገውም።

2. ከርቀት የመንዳት ነገር ከየት መጣ?

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ በውሃ ገንዳ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እየነዳ ለሕዝብ አሳየ። ተመልካቹ ዓይኑን ማመን አልቻለም። ሶቭየት ኅብረት ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ ቴሌታንክ የተባሉ ሰው የማይገባባቸውን ታንኮች ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ከፊንላንድ ጋር ባደረገችው ጦርነት አሰልፋቸዋለች። ነጂው ከኋላ በሚከተል ሌላ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ በሬዲዮ ያዛቸው ነበር። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወጡት ጎልያድ የተባለው ትንሽ ፈንጂ ተሸካሚ ደግሞ በሬዲዮ ሳይሆን ከኋላው በሚጎትተው ሽቦ ይታዘዝ ነበር። ሽቦው ከተቆረጠ ጎልያድ እዚያው ቀረ ማለት ነው። የሬዲዮ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የሬዲዮም ችግር እዚሁ ላይ ነው፤ ሽቦ ሲቆረጥ ይታያል፣ ሞገድ ሲቋረጥ ግን አይታይም።

3. አሠራሩ በአጭሩ

መሣሪያው ሁለት ወገን አለው። በእጅ የሚያዘው አስተላላፊ ነው፤ ታንኩ ውስጥ የሚገባው ተቀባይ ነው። አስተላላፊው ላይ ያሉትን ዘንጎች ስናንቀሳቅስ ከሥራቸው ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር የዘንጉን ቦታ ወደ ኤሌክትሪክ መጠን ይለውጣል። አስተላላፊው ያንን መጠን ቁጥር አድርጎ በሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። ተቀባዩ ቁጥሩን አውርዶ ለፍጥነት መቆጣጠሪያውና ለሰርቮ ሞተሩ ያስተላልፋል።

ተቀባዩ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በአጫጭር የኤሌክትሪክ ትርታ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ አንድ ትርታ ይወጣል። ትርታው 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ «ባለህበት ቁም» ማለት ነው። ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም «በሙሉ ኃይል ወደ ፊት»፣ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲያጥር «በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ» ይሆናል። በመካከል ያለው ሁሉ እንደ ርዝመቱ ፍጥነት ይሰጣል። እንግዲህ ታንኩን የሚነዳው የግማሽ ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

4. አመራረጥ፤ አምስት ጥያቄዎች

ዕቃ ከመግዛታችን በፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቅ። ሻጩ ባይመልስ እንኳ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ይመልሳል።

ሀ) በየትኛው ሞገድ ይሠራል?

የቆዩት መሣሪያዎች በ27፣ በ40፣ በ72 ወይም በ75 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር። በእነዚህ ላይ ክሪስታል የሚባል ትንሽ ዕቃ ተሰክቶ ቁርጥ ያለ ድግግሞሽ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ክሪስታል ይዘው ከተገናኙ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ታንክ ያናውጠዋል። ዛሬ አብዛኛው መሣሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። አስተላላፊው ከአንድ ድግግሞሽ ወደ ሌላው በፍጥነት እየዘለለ ይልካል፤ ተቀባዩም የራሱን ጌታ መለያ ቁጥር ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ላይ ብዙ ታንኮች አብረው መንዳት ይቻላል። ለትምህርት ቤት የምንመክረው ይህንኑ ነው።

የሞገዱን ርዝመት ማወቅ የምንፈልግ እንደሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 300ን በሜጋኸርዙ ቁጥር ማካፈል ነው፤ ውጤቱ በሜትር ይሆናል። 27 ሜጋኸርዝ 11 ሜትር ገደማ፣ 2,400 ሜጋኸርዝ ግን 12.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጥሩ አንቴና ርዝመት ብዙ ጊዜ የሞገዱ አንድ አራተኛ ስለሆነ የአዲሱ ተቀባይ አንቴና ዋና ክፍል 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የድሮዎቹ አስተላላፊዎች ያን ረጅም ተስቦ የሚወጣ አንቴና የያዙት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን አንርሳ። የሬዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው። በአገራችን ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትምህርት ቤት ከውጭ ዕቃ ከማስመጣቱ በፊት የሞገዱንና የኃይሉን መጠን ጽፎ ባለሥልጣኑን መጠየቅ አለበት። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ከመጨነቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ለ) ስንት ቻናል አለው?

ቻናል ማለት አንድ ራሱን የቻለ የትእዛዝ መስመር ነው። ለታንክ መነሻው ሁለት ነው፤ አንድ ለግራ ሰንሰለት፣ አንድ ለቀኝ። ማማው እንዲዞር ከፈለግን ሦስተኛ፣ መድፉ ከፍና ዝቅ እንዲል ከፈለግን አራተኛ፣ ለመብራትና ለድምፅ አምስተኛና ስድስተኛ ያስፈልጋል። አራት ቻናል በቂ ነው፤ ስድስት ቻናል ደግሞ ለነገም ይተርፋል። ከዚያ በላይ መግዛት ለእኛ ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐ) ዘንጉ ሲለቀቅ ወደ መካከል ይመለሳል ወይ?

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ባለ ሁለት ዘንግ አስተላላፊ የተሠራው ለአውሮፕላን ነው። በተለመደው አደራደር የግራው ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ሞላ የለውም፤ ባስቀመጡት ቦታ ይቀራል። አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ይህ ተገቢ ነው። ታንክ ላይ ግን አደጋ ነው። ነጂው እጁን ቢያነሣ ታንኩ መሄዱን አያቆምም፤ ጉድጓድ ይገባል፣ ወይም የሕፃን እግር ላይ ይወጣል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ለብቻው የታንክ አስተላላፊ ፍለጋ መንከራተት የለብንም። የቀኙ ዘንግ በአራቱም አቅጣጫ ሞላ አለው። መንዳቱንም መታጠፉንም በቀኝ ዘንግ ላይ እናድርግ። ግራውና ቀኙ ሞላ ያለውን የግራ ዘንግ አግድም እንቅስቃሴ ለማማው እንስጠው፤ ሲለቀቅ ማማው መዞሩን ያቆማል። ሞላ የሌለውን ላይና ታች ደግሞ ለመድፉ እንስጠው። መድፍ ባነጣጠርንበት ከፍታ እንዲቀር ነው የምንፈልገው። ለአውሮፕላን የታሰበው ነገር እንዲህ ሲደለደል ለታንክም ይስማማል።

መ) ማደባለቅ ይችላል ወይ?

ቀኝ ዘንግ ላይ ሁለቱን ትእዛዝ ካደረግን አንድ ሰው ደምሮና ቀንሶ ለሁለቱ ሰንሰለቶች ማከፋፈል አለበት። ይህን የሚሠራው «ማደባለቂያ» የሚባለው የአስተላላፊው ክፍል ነው። ጭራ ለሌላቸው አውሮፕላኖች ተብሎ የተሠራው ኤሌቮን የሚባለው ማደባለቂያ ለታንክ ልክ ይሆናል። ቀመሩ የሚከተለው ነው፤

ግራ ሰንሰለት = ፍጥነት + መሪ
ቀኝ ሰንሰለት = ፍጥነት − መሪ

ምሳሌ፦ ፍጥነት 60፣ መሪ ወደ ቀኝ 40 ቢሆን ግራው 100፣ ቀኙ 20 ይሆናል፤ ታንኩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ፍጥነት 0፣ መሪ 50 ቢሆን ግራው 50 ወደ ፊት፣ ቀኙ 50 ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ታንኩ ባለበት ይሽከረከራል። ፍጥነት 80፣ መሪ 40 ቢሆንስ? ግራው 120 ይሆናል። ከ100 በላይ የሚሄድ ሞተር ግን የለም። ስለዚህ 100 ላይ ይቆማል፣ ቀኙም 40 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 80 መሆን ሲገባው ወደ 60 ወረደ። ታንኩ በፍጥነት ላይ እያለ «መሪው አልሠራ አለ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የፍጥነቱን ድርሻ በ60፣ የመሪውን በ40 መወሰን ነው።

ሠ) ባትሪው ምንድን ነው?

ብዙዎቹ አነስተኛ አስተላላፊዎች በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ባትሪ ድንጋይ የገጠር ሱቅ ውስጥም ይገኛል። ለምሳሌ ፍላይስካይ ኤፍ-ኤስ-አይ-6 የተባለው ባለ ስድስት ቻናል አስተላላፊ በአራት ድንጋይ ይሠራል፤ ኤሌቮን ማደባለቂያም አለው። እኛ ስሙን የጠራነው ለምሳሌ እንጂ ሌላ አይገዛ ለማለት አይደለም። የተጠየቁትን አምስት ጥያቄዎች የመለሰ ሁሉ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለው የሕፃናት መጫወቻ ሪሞት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርሱ የሚያውቀው «ሂድ» እና «ቁም» ብቻ ነው፤ «ቀስ በል» አያውቅም። አርዱዊኖ የሚባለውን ሰሌዳ ያወቁ ሠልጣኞች በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ትንሽ ማስተላለፊያ አያይዘው ራሳቸው መሥራት ይችላሉ። ይህ ከመግዛት የበለጠ ያስተምራል፤ ጊዜና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

5. አሰነዳድ፤ ደረጃ በደረጃ

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ይህን ክፍል ማንም በጥድፊያ አይሥራው።

አንደኛ፦ ታንኩን እንጨት ወይም ጡብ ላይ እናስቀምጠው፤ ሰንሰለቶቹ አየር ላይ ይሁኑ። ሳይታሰብ ቢነሣ ከጠረጴዛ አይወድቅም።

ሁለተኛ፦ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ሦስት ካፓሲተር እንበይድ። አንዱ በሁለቱ የሞተር እግሮች መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ እግር ወደ ሞተሩ ብረት ይሆናሉ። መጠናቸው 0.1 ማይክሮፋራድ ነው፤ ላያቸው ላይ 104 ተብሎ ይጻፋል። ሞተር ሲዞር ውስጡ ትንንሽ ብልጭታ አለ፤ ብልጭታ ራሱ ሬዲዮ ሞገድ ያወጣል። ካፓሲተሩ ያንን ጩኸት ይውጠዋል።

ሦስተኛ፦ ተቀባዩን ከሞተሮቹ አርቀን እናስቀምጥ። አንቴናውን ከታንኩ ውጭ እናውጣ። ታንኩ በቆርቆሮ ወይም በላሜራ የተሠራ ከሆነ አንቴና ውስጥ መተው ማለት ሰውን በር ዘግቶ መጥራት ነው። ተቀባዩ ሁለት አንቴና ካለው አንዱ የቆመ፣ ሌላው የተኛ ይሁን፤ በመካከላቸው 90 ዲግሪ ይኑር።

አራተኛ፦ ኃይል እናገናኝ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ለተቀባዩ 5 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሁለት መቆጣጠሪያ ካለን ሁለቱም 5 ቮልት እየሰጡ እንዳይጋፉ የአንዱን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ አውጥተን በፕላስተር እንሸፍነው።

አምስተኛ፦ አስተላላፊውንና ተቀባዩን እናስተዋውቅ። ተቀባዩ የማስተዋወቂያ ቁልፍ ወይም መሰኪያ አለው። መብራቱ መርገብገቡን ሲያቆም ተዋውቀዋል ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ የማብራት ቅደም ተከተል። ሁልጊዜ በመጀመሪያ አስተላላፊውን፣ ቀጥሎ ታንኩን እናብራ። ስናጠፋ ግን በመጀመሪያ ታንኩን፣ ቀጥሎ አስተላላፊውን። ጌታው ሳይኖር ሎሌው አይነቃ፤ ሎሌው ሳይተኛ ጌታው አይሂድ።

ሰባተኛ፦ መካከሉን እናስተካክል። ዘንጉ ሳይነካ ሰንሰለቱ ቢንፏቀቅ ማስተካከያ ቁልፉን ወዲህ ወዲያ እያልን እናስቁመው። ከዚያ ወደ ፊት ስንገፋ ወደ ኋላ ቢሄድ ሽቦ መፍታት አያስፈልግም፤ አስተላላፊው ላይ ያንን ቻናል መገልበጥ ይበቃል።

ስምንተኛ፦ ጫፉን እንወስን። መድፉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሰርቮ መጨረሻው ላይ ደርሶ እየጮኸ ቢገፋ ይቃጠላል። የእንቅስቃሴውን ጫፍ ከ100 ወደ 70 ወይም ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እንቀንስ።

ዘጠነኛ፦ ሞገድ ሲቋረጥ የሚሆነውን እንወስን። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ተቀባዩ ትእዛዝ ሲያጣ ሁለቱም ሰንሰለቶች 0 ላይ እንዲቆሙ እናድርግ። ከዚያ ዝም ብለን አንመን፤ ታንኩ እንጨት ላይ እንዳለ፣ ሰንሰለቱ እየዞረ፣ አስተላላፊውን እናጥፋ። ካልቆመ ያ ታንክ ተማሪ ፊት አይቀርብም።

ዐሥረኛ፦ ርቀቱን እንለካ። አንድ ሰው ታንኩ አጠገብ ይቁም፤ ሌላው አስተላላፊውን ይዞ እየቆጠረ በእግሩ ይሂድ። አስተላላፊው የኃይል መቀነሻ ካለው በዚያ አድርገን 30 እርምጃ ላይ ያለ ማቋረጥ መታዘዝ አለበት። ይህን ሞተሩ ቆሞም እየዞረም እንሞክር። ሞተሩ ሲዞር ብቻ ርቀቱ ካጠረ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ወይም የአቀማመጡ ነው።

6. የአገራችን መሬት ምን ይላል?

2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ጉናን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ተራራ በአንድ ወገኑ ላለ መንደር የኤፍ-ኤም ሬዲዮ ጥላ ይሆናል፤ በሌላው ወገን ያለው መንደር ጥርት አድርጎ ይሰማል። ለታንካችን ደግሞ አንድ ካብ ወይም አንድ የመሬት እብጠት እንደ ጉና ይሆንበታል። አንቴናው ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር እንኳ ስለማይሞላ አስተላላፊውን የያዘው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይቁም።

ቅጠልም ሞገድ ይውጣል፤ ውስጡ ውሃ አለና። አዲስ ዘመን አጠገብ ባለው በጣራ ገዳም ደን ውስጥ ጥቅጥቅ ባለው ዛፍ መካከል የሚታዘዝበት ርቀት ከግልጥ ሜዳ ይልቅ ያጥራል፤ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ሲረጥብ ደግሞ የበለጠ ያጥራል። በርግጥ ገዳም የጸሎት ቦታ ነውና ሙከራውን በትምህርት ቤታችን ባሕር ዛፍ መካከል እናድርገው።

አየሩም አለ። በ2,700 ሜትር ላይ የአየሩ ጥጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሙቀታቸውን የሚያስወግዱት በአየር ስለሆነ እዚህ ቶሎ ይግላሉ። ከባድ ነገር ስናስጎትት በየአምስት ደቂቃው እናሳርፍና በእጃችን ዳሰን እንይ። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ይብቃ።

7. የባትሪ ጥንቃቄ

ለታንኩ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይገኛል። ኒኬል የተባለው ባለ ስድስት ክፍል ሲሆን 7.2 ቮልት ይሰጣል፤ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ግን ታጋሽ ነው። ሊቲየም ፖሊመር የተባለው ባለ ሁለት ክፍል ሆኖ 7.4 ቮልት ይሰጣል፤ ቀላልና ኃይለኛ ነው፣ ግን ስሕተት አይምርም። እያንዳንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ሊነድ ይችላል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ይበላሻል። ለትምህርት ቤት የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ሁለተኛውን የግድ የምንጠቀም ከሆነ ለእርሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ፣ ባዶ የሸክላ ድስት ውስጥ አድርገን፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ አሸዋ ቀርቦ ይሞላ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም። መኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊት ባትሪ ሰክቶ መተኛት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

8. እምቢ ሲል

- ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ቀጥሎም የተቀባዩ መብራት ይታይ። መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ መተዋወቁ ጠፍቷል።
- ሰርቮው ይንቀጠቀጣል፦ የሞተር ጩኸት ወይም የደከመ ባትሪ ነው።
- ቀጥ ብሎ አይሄድም፦ ሬዲዮውን ከመክሰሳችን በፊት የሰንሰለቱን ጥብቀት እንይ። አንዱ ከላላ አስተላላፊው ምን ያድርግ?
- ዳገት ላይ ይቆማል፣ ከዚያም ይመለሳል፦ ሞተሩ ብዙ ጅረት ሲስብ ለተቀባዩ የሚደርሰው ቮልት ወርዷል። ባትሪውን ሞልተን ጭነቱን እንቀንስ።

አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን እንሞክር። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ «ተሠራ» የሚል ሰው ምን እንደሠራው አያውቅም።

9. ክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምርበት?

አንደኛ፣ ታንኩ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ሬዲዮ ከፍተን ክዳን ባለው ብረት ድስት ውስጥ እናስቀምጥ። ክዳኑ ሲገጠም ጣቢያው ይደክማል ወይም ይጠፋል። ድስቱ ድምፁን ነው ወይስ ሞገዱን የከለከለው? ለማጣራት በዚያው ድስት ውስጥ የሚደወል የጠረጴዛ ሰዓት እናስቀምጥ። የሰዓቱ ደወል ታፍኖም ቢሆን ይሰማል። ተማሪው በድምፅና በሬዲዮ ሞገድ መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ጆሮው ይለያል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ያስተቃቅፉና አንዱን የግራ ሰንሰለት፣ አንዱን የቀኝ ሰንሰለት ይበሏቸው። ሌላው «ፍጥነት 2፣ መሪ 1» እያለ ይዘዝ። ግራው ሦስት እርምጃ፣ ቀኙ አንድ እርምጃ ሲሄድ ጥንዱ ይታጠፋል። ለዚህ ትምህርት ብር አያስፈልግም። ታንክ የሌለው ትምህርት ቤትም ያስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ ታንኩ ሲመጣ መምህሩ ብቻ አይንዳው። ለእያንዳንዱ ቡድን ነጂ፣ ጸሐፊና ጠባቂ ይመደብ፤ ሥራውም ይቀያየር። ሴቶች ተማሪዎች ጸሐፊነት ብቻ እንዳይሰጣቸው መምህሩ ይጠንቀቅ።

መልመጃ

1. የ40 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት ስንት ሜትር ነው? አንድ አራተኛውስ?
2. ፍጥነት 50፣ መሪ ወደ ግራ 30 ቢሆን የእያንዳንዱ ሰንሰለት ፍጥነት ስንት ይሆናል?
3. ሞላ የሌለው ዘንግ ለመድፍ ተስማሚ ሆኖ ለመንዳት ግን አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
4. ላሜራ የለበሰ ታንክ አንቴናው ውስጥ ቀርቶ ሁለት ሜትር ላይ ይታዘዛል፣ ዐሥር ሜትር ላይ ግን አይታዘዝም። ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ስጡ። አራተኛውን ጥያቄ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ሕፃን ነግራችሁ ሞክሩት። ሕፃኑ ከተረዳው መልሱ ትክክል ነው፤ ካልተረዳው ቃላቱን ቀይራችሁ እንደገና ንገሩት።